አልቅሶ ማምለክ



ግንቦት 12 ቀን የጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም የሚከበርበት ዕለት ነው። በ1929 ዓ.ም. ለዚህ በዓል ደብረ ሊባኖስ የተሰበሰቡት መነኮሳት፣ ካህናት፣ ዲያቆናትና ምእመናን ግን በዓሉን ያሳለፉት በጣሊያኑ ጄኔራል ማሌቲ ወታደሮች ተከበው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በጣሊያን እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረበት ከየካቲት 12 ቀን ወዲህ ሦስት ወር ሆኖ ነበር። እንደራሴው ገዳሙ በነገሩ እጁ አለበት ብሎ ፈርዷል። በማግስቱ፣ ግንቦት 13 ቀን፣ መነኮሳቱ በጭነት መኪና ላጋ ወልዴ ወደተባለ ሜዳ ተወስደው በመትረየስ ተረሸኑ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው የነበሩት ዲያቆናት ተገደሉ። ግራዚያኒ ለሮም በላካቸው ቴሌግራሞች ያመነው የተገደሉት ቁጥር 449 ነው። ተመራማሪዎቹ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሕይወት የቀሩትን ጠይቀው፣ ቦታውን ረግጠው የደረሱበት ግምት ግን ከ1,423 እስከ 2,033 ይደርሳል።

ግንቦት 12 ዛሬም ይከበራል። ምእመናን ወደ ደብረ ሊባኖስ ይወርዳሉ፣ ይቆማል፣ ይቀደሳል። በዓሉና እልቂቱ በአንድ ሌሊት ልዩነት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱን ያሰበ ሌላውን ሳያስብ ማለፍ አይችልም። ቤተ ክርስቲያን የሰማዕታቱ ደም ስለፈሰሰ በዓሉን አልሰረዘችም፤ በዓሉ ስለሚከበርም ሰማዕታቱን አልሸፈነችም። እንዴት ይቻላል? የዛሬው ንግግሬ ይህን ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ነው።

ስለ መከራና ስለ እምነት ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው «እግዚአብሔር ለምን ፈቀደ?» የሚለውን ነው። ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ሊቃውንት ለዘመናት ጽፈውበታል። ሐዘን ቤቱ የገባበት ሰው ሌሊት ላይ የሚያነሣው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ነገ ጠዋት ተነሥቼ እንዴት እጸልያለሁ? እሑድ ሲደርስ ልጄ ይቆምባት የነበረችውን ቦታ እያየሁ እንዴት አስቀድሳለሁ? «አሜን» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ ቢል ሃይማኖቴ ጠፋ ማለት ነው? በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ይህን የጠየቀ እንዳለ አምናለሁ፤ ባለፉት ዓመታት በአገራችን በየአቅጣጫው የሆነውን የምታውቁት ናችሁና። የምናገረውም በመጀመሪያ ለእነዚያ ነው።

የኔ እምነት እንዲህ ነው። በመከራ ዘመን ክርስትናን ለእኛ ያደረሰልን የብርቱዎች ብርታት ብቻ ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ይቀር ነበር፤ ብርቱዎች ጥቂቶች ናቸውና። ያደረሰልን፣ አንደኛ፣ ከእኛ ስሜት አስቀድሞ ተሠርቶ የቆየ የጸሎትና የአምልኮ ሥርዓት ነው። ሁለተኛ፣ እኛ ስንደክም በእኛ ፈንታ የሚቆሙ ሰዎች ናቸው። ያ ሥርዓት ደግሞ ልቅሶን ከደጅ የሚያስቀር ሳይሆን ወደ መቅደስ የሚያስገባ ነው።

ከልቅሶው ልጀምር፤ ብዙ የምንሳሳትበት እዚህ ላይ ስለሆነ።

የጻድቁን የኢዮብን ታሪክ ሁላችን እናውቃለን። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ወዳጃቸው የደረሰበትን ሰምተው ከየአገራቸው መጡ። ልብሳቸውን ቀደዱ፣ ትቢያ ነሰነሱ፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል የተናገረ አልነበረም። እስከዚያ ድረስ እንደ እነርሱ ያለ አጽናኝ አልታየም። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። የእግዚአብሔርን ፍርድ ትክክለኛነት ለማስረዳት ሲሉ ወዳጃቸውን በደለኛ አደረጉት። ኢዮብ በበኩሉ የተወለደበትን ቀን ረገመ፣ ተከራከረ፣ እግዚአብሔርን እንደ ባላጋራ ለሙግት ጠራ። መጽሐፉ ሲፈጸም የተገሠጹት ማን ናቸው? እነዚያ ስለ እግዚአብሔር ጥብቅና የቆሙት! መሥዋዕት ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ፣ እርሱም እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። ሲሟገት የነበረው ሰው ለጠበቆቹ አማላጅ ሆነ።

እኛ ግን ዛሬም ልቅሶ ቤት ገብተን የእነ ኤልፋዝን ሥራ እንሠራለን። «ክርስቲያን እንዲህ አያለቅስም» እንላለን። «እግዚአብሔር የሚወደውን ይወስዳል»፣ «ለበጎ ነው» እንላለን። ልጇን ትናንት አፈር ያለበሰችን እናት «ተመስገን በይ» ብለን እናስጨንቃለን። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አንዳንድ ቦታ ሐዘን የእምነት ማነስ ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ ቀብሩ ላይ ጭብጨባው ይደምቅና ሚስትየው ፊቷን የምትሸሽግበት ታጣለች። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ደግሞ የተዝካሩ ድግስ የሐዘንተኛውን ጓዳ አራቁቶ፣ ብድር አስገብቶ፣ መጽናኛው ሌላ ጭንቀት ሲሆን አይተናል። ስሕተቱ ሁላችንም ላይ አለ። ጌታችን አልዓዛርን ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ ወደ መቃብሩ ሲሄድ አለቀሰ። ትንሣኤን የያዘው እርሱ ካለቀሰ፣ ትንሣኤን ተስፋ የምናደርገው እኛ ለማልቀስ ከማን ፈቃድ እንጠብቃለን?

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ የልቅሶ መዝገብ ነው። መዝሙረ ዳዊትን ውሰዱ። ከመዝሙራቱ ሲሶ ያህሉ የአቤቱታና የሐዘን ጸሎቶች ናቸው። አብዛኞቹ በመጨረሻ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። በግእዙ ዳዊት 87ኛው፣ በሌላው ቁጥር 88ኛው መዝሙር ግን አይዞርም። ዘማሪው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጮኻል፤ ወዳጆቹ እንደራቁት፣ ጨለማ እንደዋጠው ይናገርና መዝሙሩ እዚያው ጨለማው ላይ ያልቃል። መጨረሻው ላይ የሚያጽናና መስመር የለም። እኔ ይህ መዝሙር ከመጽሐፉ አለመውጣቱ ትልቅ ምሕረት ይመስለኛል። ያን ጨለማ የሚያውቅ ሰው ከማኅበረ ምእመናን ውጭ እንዳልሆነ ምስክሩ እዚያ ተጽፎ ይገኛል።

እንግዲህ ዳዊት የሚደግም ሰው ምን እንደሚሆን አስቡ። አባቶቻችን ዳዊቱን ለሳምንቱ ቀናት ከፋፍለው ይደግሙታል። የሚደግመው ሰው መዝሙሩን በስሜቱ አይመርጥም፤ የዕለቱ ድርሻ የደረሰበትን ይላል። ስለዚህ ደስ ባለው ሳምንትም 87ኛው ይደርስበታል፤ ልቡ በተሰበረበት ሳምንትም የመጨረሻዎቹ የምስጋና መዝሙራት ይደርሱበታል። ደስተኛው ያለቀሱትን ወክሎ ያለቅሳል፤ ያዘነው ደግሞ የሚያመሰግኑትን ተከትሎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ይህ ግብዝነት ነው የሚል ሰው አለ፤ «የማይሰማህን ለምን ትላለህ?» ይላል። እኔ አልስማማም። የማይሰማኝን ቃል የምለው ላስመስል ብዬ ሳይሆን፣ ቃሉ ከእኔ የበለጠ ስለቆየና ነገም እንደሚያስፈልገኝ ስለማውቅ ነው።

ሰቆቃወ ኤርምያስንም ተመልከቱ። ኢየሩሳሌም ፈርሳለች፣ ቤተ መቅደሱ ተቃጥሏል፣ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጭን ላይ በረሃብ ይሞታሉ። እንዲህ ያለ ሐዘን ሥርዓት የሚኖረው አይመስልም። ይሁንና ከአምስቱ ምዕራፎች አራቱ በዕብራይስጥ ፊደል ተራ የተሰደሩ ናቸው፤ ከአሌፍ እስከ ታው፣ 22ቱን ፊደላት ተከትለው ይሄዳሉ። ሦስተኛው ምዕራፍ እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ሦስት ጊዜ ይዞ 66 ቁጥር ይሆናል። ጸሐፊው ከተማውም፣ መቅደሱም፣ ንጉሡም ሲወሰዱበት ያልተወሰደበት ነገር ፊደሉ ነበር፤ እርሱን ይዞ አለቀሰ። አንድ ፊደል፣ ቀጥሎ ያለው ፊደል፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው። የሚገርመው አምስተኛው ምዕራፍ ነው። እዚያም 22 ቁጥሮች አሉ፤ የፊደሉ ተራ ግን የለም። ተራው ሲሟጠጥበት እንኳን ልኩን አልለቀቀም።

ከቤተ ክርስቲያናችን ዕቃዎች አንዱ መቋሚያ ነው። በረጅሙ ማኅሌት እግር ሲዝል የሚደገፉበት ይኸው በትር፣ ዝማሬው ሲደርስ ከፍ ዝቅ እየተደረገ የሚዘመምበት ነው። የደከመው ሰውና የሚዘምረው ሰው የያዙት አንድ ዘንግ ነው። የጸሎት ሥርዓትን የማየው እንዲህ ነው።

ሰሙነ ሕማማትን በተመለከተ ብዙ ምእመን ልብ የማይላት አንዲት ነገር አለች። በዚያ ሳምንት ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም፤ መስቀል መሳለምም የለም። ታዲያ በሕማማት ሰው ቢሞትስ? በሆሳዕና ዕለት፣ ሕዝቡ ዘንባባውን እንደያዘ፣ በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉ ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ ይደረጋል። ካህኑ ማን እንደሚሞት አያውቅም። ሟቹም ገና በሕይወት አለ፤ ምናልባት እዚያው ቅጥር ግቢ ውስጥ ቆሞ የራሱን ፍትሐት እየሰማ ነው። ሐሙስ ዕለት ድንገት ሐዘን የሚደርስበት ቤተሰብ ጸሎቱ ከሐዘኑ በፊት ደርሶ ይጠብቀዋል። እኔ ስለ ሥርዓት ጠቀሜታ ከተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ይህቺ የሆሳዕና ፍትሐት ታስተምረኛለች። ሰው በሐዘኑ ቀን ጸሎት ሊፈጥር አይችልም። የሚችለው ቀድሞ ወደ ተጸለየው መግባት ነው።

አሁን ወደ ቅርብ ዘመን ልምጣ።

በ1971 ዓ.ም. ክረምት ሁለት የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ታላላቅ አባቶች በድብቅ ተገደሉ። አንዱ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው ታስረው የነበሩት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። ሌላው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። ቄስ ጉዲና ከአገር የሚወጡበት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን አዲስ አበባ ውስጥ አገልግለው ሲመለሱ ታፈኑ። የሁለቱም ዐፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቀብር የለም፣ መቃብር የለም፣ ሞተዋል ብሎ አፍ አውጥቶ የነገረም የለም።

የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ብዙም ሳይቆይ ራሳቸው ታሰሩ። ብርቱ ሥቃይ ተፈጸመባቸው፤ ዐሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በእስር ቆዩ። ባላቸው ይሙቱ ይኑሩ ሳያውቁ፣ ልጆቻቸው ተበትነው፣ እርሳቸው ግን ጸሎታቸውን አልተዉም። ስለ ወይዘሮ ፀሐይ ሳስብ የምደነቀው በሌላ በምንም አይደለም፤ በርዝመቱ ነው። አንድ ቀን መጽናት አለ፤ በአደባባይ፣ ሰው እያየ፣ እንደ አቡነ ጴጥሮስ በጥይት ፊት መቆም አለ፤ ክብሩ ታላቅ ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ማንም ሳያይ፣ መልስ ሳያገኙ፣ ጠዋት ጠዋት እየተነሡ መጸለይ ደግሞ ሌላ ነው። ለዚህኛው ሐውልት አናቆምለትም። ከመካከላችን የብዙው ሰው መከራ ግን የሚመስለው ይህን ነው።

በጥር 1974 ዓ.ም. መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ። ሕንፃዎቹን ወሰደ፣ የባንክ ሒሳቡን አገደ፣ መሪዎቹን አሰረ፤ ከአራት ዓመት በላይ የታሰሩ አሉ። በጊዜው የቤተ ክርስቲያኒቱ አባላት ወደ 5,000 ይጠጉ ነበር። እሑድ ሲደርስ የሚሄዱበት የላቸውም። ምን አደረጉ? በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሆነው መሰብሰብ ጀመሩ። አብረው አይገቡም፣ አብረው አይወጡም። ቤቱና ሰዓቱ ይቀያየራል። ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ በብብት ይዞ መንገድ ላይ መታየት የለም። መዝሙሩ በለሆሳስ ነው፤ የቀበሌ ጆሮ ግድግዳ ላይ አለና። አስተናጋጆቹ፣ አስተማሪዎቹ፣ መልእክት አድራሾቹ በብዙ ቦታ ሴቶች ነበሩ። ሕንፃው ሳለ መድረክ ላይ እምብዛም ያልታዩት እናቶች ሕንፃው ሲወሰድ ቤተ ክርስቲያኒቱን በሳሎናቸው አኖሯት።

አንድ ነገር ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው በአንድ ላይ መሰብሰብ በሚያስጠረጥርበት በዚያ ዘመን ያልተከለከሉ ጉባኤዎች ነበሩ፤ ሠርግ አለ፣ ልደት አለ፣ ልቅሶ አለ። ስለዚህ ድንኳን ተጥሎ ሕዝብ ሲሰበሰብ ቃሉ ይነገራል፣ ይጸለያል፣ ይዘመራል። የሐዘን ቤት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። መጽናናት ፈልገው የመጡት ሳያስቡት ለአምልኮ ጉባኤ ተቀመጡ፤ ለማምለክ የመጡት ደግሞ ከሚያለቅስ ቤተሰብ ጋር አብረው ከማልቀስ ሊያመልጡ አልቻሉም። ሐዘንና አምልኮ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ያ ዘመን ካስተማረን ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል፤ የዘነጋነውም ይህንን ነው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ በሮቹ ሲከፈቱ የመሠረተ ክርስቶስ አባላት ቁጥር ከ34,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቀደምም በወላይታ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ በዚያ የነበሩት የውጭ አገር ሚስዮናውያን በጣሊያን ወረራ ጊዜ በ1929 ዓ.ም. ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ወደ 48 ነበሩ፣ ተመልሰው ሲመጡ የጠበቃቸው ወደ 10,000 የሚገመት ሕዝብ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ስጠራ ግን እፈራለሁ። ብዙ ሰባኪ ይጠራቸውና «አያችሁ፣ መከራ ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል» ይላል። እንዲህ ማለት ቀላል ነው፤ ተናጋሪው የተገረፈው ሰው ካልሆነ። በሰማዕታት ደም የበዛን መሆናችን እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያ ግን ገዳዩን ባለውለታ አያደርገውም፣ ለአንዲት መበለትም ባሏን አይመልስም። ደግሞም ያልበዛ ቤተ ክርስቲያን አለ። በሰሜን አፍሪካ እነ ቅዱስ ቆጵርያኖስና እነ አውግስጢኖስ ያገለገሏቸው አብያተ ክርስቲያናት ጠፍተዋል። በኖብያ፣ በጎረቤታችን፣ ለዘመናት የቆየ ክርስትና ነበረ፤ ዛሬ የሚታየው ፍርስራሹና የግድግዳ ሥዕሉ ነው። እዚያ የጸለዩት ሰዎች እምነታቸው ከእኛ ያነሰ ነበር ለማለት ማን ይደፍራል? የእምነት ዋጋ በውጤት የሚለካ ከሆነ እነርሱን መካድ ሊኖርብን ነው። እኔ አልክዳቸውም።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ዳግማዊ ትንሣኤ። በዚያ ቀን ሊቢያ ውስጥ በክርስትናቸው ምክንያት የታረዱና የተረሸኑ፣ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን የሚታዩበት ቪዲዮ ወጣ። ከአዲስ አበባ የጨርቆስ ሰፈር የሄዱ ልጆችም ነበሩባቸው። ሰፈሩ በአንድ ሌሊት የልቅሶ ሰፈር ሆነ፤ መላ አገሪቱ አለቀሰች። ወቅቱን አስቡት። በዓለ ሃምሳ ነው። ጾም የለም፣ ስግደት የለም፤ ቤተ ክርስቲያን የምትዘምረው ሞት ድል መነሣቱን ነው። ሬሳ እንኳን አልመጣም። እናት ድንኳኑ ውስጥ የልጇን ፎቶግራፍ አቅፋ ትጮኻለች፤ አጥቢያው ውስጥ ካህኑ በትንሣኤው ሰላምታ ሕዝቡን ይባርካል። እነዚህ ሁለት ድምፆች አይጋጩም ወይ? ይጋጫሉ እንጂ! ግን ካህኑ የትንሣኤውን ሰላምታ ትቶ ቢያለቅስ ኖሮ ለዚያች እናት ምን ይተርፋት ነበር? ካህኑ ደግሞ ሰላምታውን ብቻ ብሎ ድንኳኑ ደጅ ባይደርስ ኖሮ ሰላምታው ባዶ ይሆን ነበር። ካህናቱ ከቅዳሴ ወጥተው ወደ ድንኳኑ ሄዱ። ሁለቱን ያገናኘው የእግራቸው መንገድ ነው።

ከአገር ውጭ ያሉትንም ላንሣ፤ የብዙዎቹ የአምልኮ በር መንግሥት ሲቀያየር ሳይሆን ገና ከመጀመሪያው የተዘጋ ነውና። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. በሳውዲ ዓረቢያ ጅዳ ከተማ በአንድ ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ የተያዙ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ወራት ታስረው በመጨረሻ ከአገር ተባረሩ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን የሐዘን መርዶ በስልክ ይደርሳታል። እናቷ ሞታለች፤ መሄድ አትችልም፤ አሠሪዋ ፊት ማልቀስም አትችልም። ማታ ሥራዋ ሲያልቅ ስልኳ ላይ ቅዳሴ ከፍታ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትቆማለች። ጾሟን ቆጥራ ትጾማለች፤ ቀኑን የምትቆጥርላት ጓደኛዋ ደውላ ነግራታለች። ይህቺ ሴት ሥርዓት የሌለበት አገር ሥርዓት ይዛ ገብታለች። በእርሷ ጉዳይ ከእኛ የሚጠበቀው ማድነቅ አይደለም፤ መርዶው በደረሳት ቀን እዚህ አጥቢያዋ ላይ የእናቷ ስም ሲጠራ እንድትሰማ ማድረግ ነው።

ስለ ገዳዮችም አንድ ቃል መናገር አለብኝ። በእኛ ዘመን ከሞቱት ብዙዎቹን የገደሉ እጆች የተጠመቁ ናቸው። ገዳይም ሟችም አንድ ዓይነት የክርስትና ስም ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ወንድሙ የተገደለበት ሰው እሑድ ቅዳሴ ሲቆም አጠገቡ የቆመውን ሰው ይጠራጠራል። ለዚህ ሰው «ይቅር በል» ማለት ይቀለናል፤ እኔ ግን አንዳንዱን የይቅርታ ስብከት እቃወማለሁ፤ በዳዩን ሳይነካ የተበደለውን ብቻ የሚያጣድፈውን። በዳይ ተናዝዞ፣ የወሰደውን መልሶ፣ ንስሐ ገብቶ መምጣት አለበት። የተበደለው ደግሞ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ጠላት ላይ የተጮኹ ከባድ ጸሎቶች ያሉትም ለዚህ ይመስለኛል። ቁጣውን ለእግዚአብሔር ያስረከበ ሰው በገዛ እጁ ጦር የማንሣት ፈተናው ይቀልለታል። ቁጣውን በፈገግታ የሸፈነው ግን አይቀልለትም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ቤተ ክርስቲያን ለሐዘን የቀን መቁጠሪያ ሠርታለታለች፦ ሦስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ዐሥራ ሁለተኛ፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ይህን ስንሰማ አብዛኛችን ትዝ የሚለን ድግሱ ነው። ድግሱን አንሡትና ቀኖቹን ተመልከቱ። ሥርዓቱን የሠራው ሰው ሐዘን እንዴት እንደሚመላለስ ያውቅ ነበር። በአርባኛው ቀን ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ተመልሷል፣ የእድር ድንኳን ፈርሶ ወንበሩ ተመልሷል፣ ስልክ መደወል ቆሟል፤ ሐዘንተኛው ግን ገና አሁን ነው የሟቹን ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ አይቶ የሚወድቀው። በሰማንያኛው ቀን ደግሞ ሰው «አሁንም?» ይለው ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን «አሁንም» የምትለው ራሷ ቀድማ ነው፤ በመጠየቅ ሳይሆን በመምጣት።

በከተማ ሐዘን በሦስት ቀን ማለቅ ጀምሯል። ኑሮው ነው፣ ሥራው ነው፤ አልፈርድም። ሦስቱ ቀን ግን ብዙ ሰው የሚመጣበትና ሐዘንተኛው ገና ያልገባው ጊዜ ነው። እውነተኛው ብቸኝነት የሚጀምረው በአራተኛው ቀን ጠዋት ነው። ስለዚህ እዚህ ለተቀመጣችሁ የአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የወንጌላውያን ሽማግሌዎች፣ የእድር ሰብሳቢዎችና የሰንበት ትምህርት ቤት መሪዎች የማቀርበው ሐሳብ በጣም ቀላል ነው። በየአጥቢያው አንድ መዝገብ ይኑር። የሟች ስም፣ የክርስትና ስም ያለው የክርስትና ስሙ፣ ያረፈበት ቀን፣ የቀረው ቤተሰብ ይጻፍበት። አራተኛው፣ አርባኛውና ሰማንያኛው ቀን ሲደርስ ሁለት ሰው ብቻ ይላክ። እንጀራ ይዘው ይሂዱ እንጂ እንዲደገስላቸው አይጠብቁ። ዳዊት የሚደግሙ ከሆነ ድርሻቸውን ደግመው፣ የሚዘምሩ ከሆነ ዘምረው፣ ሐዘንተኛው ካልቻለ እርሱን «አብረኸን በል» ሳይሉት፣ በእርሱ ፈንታ ብለውለት ይውጡ።

በመዝገቡ ላይ ሬሳቸው ያልተገኘ ሰዎችም ይጻፉ። በባሕር የቀሩ፣ በበረሃ የቀሩ፣ በጦር ሜዳ የወደቁና መርዶ ያልመጣላቸው አሉ። ቤተሰባቸው ሞተዋል ብሎ ለማልቀስ ይፈራል፤ ይመጣሉ ብሎ ለመጠበቅም አቅም አጥቷል። እንደ ወይዘሮ ፀሐይ ዓመታት ያለፉባቸው እናቶች በዚህ ከተማ አሉ። ለእነርሱ ቀኑ አይታወቅም፤ አርባና ሰማንያ አይቆጠርላቸውም። የእነርሱን ስም በየወሩ ጥሩት፤ «የት እንዳሉ አንተ የምታውቃቸው» ብላችሁ ጥሩት። ከዚያም የሚቀጥለው ወር ሲደርስ እንደገና ጥሩት።